መሸነፍ የተማረው የክብሪት ቀፎ

በዚህ ሰሞን ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር ስለሚማር ማሽን ይወራል። ቋንቋ ይተረጉማል፣ የራጅ ፎቶ አይቶ በሽታ ይለያል፣ ዕቃ አንስቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል ይላሉ። አዲስ አበባ በኮምፒውተር ሥራ የምትተዳደረው የእህቴ ልጅ ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ ስልኳን አውጥታ ልታስረዳኝ ትሞክራለች። «ጋሼ፣ ማሽኑን ማንም ሕጉን አይነግረውም። ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ከስህተቱ ይማራል» ትለኛለች፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ እያለች። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ እሰማታለሁ። እንዲህ ያለ ማሽን እኔም አንድ ጊዜ ሠርቼ እንደነበር ብነግራት አታምነኝም። ብታምነኝ ደግሞ የባሰ ነው፤ መጨረሻው ምን ሆነ ብላ ትጠይቀኛለች።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ አንኮበር የሒሳብ መምህር ሆኜ ስሠራ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ዲፕሎማና አንድ ግራጫ ኮት ነበረኝ። ከሁለቱም የሚበልጠው ንብረቴ ግን ለራሴ የነበረኝ ግምት ነው። አንኮበር የተመደብኩት በሆነ ቢሮ ስህተት እንደሆነና ስህተቱ በቅርብ እንደሚታረም እርግጠኛ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ በመስኮት ገብቶ ክፍሉን ሲሞላው የኋላ ወንበር ተማሪዎቼ አይታዩኝም፤ ድምፃቸውን ብቻ እሰማለሁ። እነሱ ደግሞ ሰሌዳው ስለማይታያቸው የጻፍኩትን ያምኑኛል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምቹ ቦታ ነበር።

የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይባል የነበረው በርእሰ መምህሩ ቢሮ ጥግ የቆመ አንድ ቁም ሣጥን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ውስጡን ስበረብር ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔት አገኘሁ። አንድ የውጭ አገር ምሁር ያለ ምንም ኤሌክትሪክ፣ በባዶ የክብሪት ቀፎና በባለቀለም ጨሌ ብቻ፣ ጨዋታ የሚማር ማሽን እንደ ሠራ ይተርካል። የጽሑፉ የመጨረሻ ገጽ ተቀዶ ጠፍቷል። እኔ ግን መጨረሻው እንደማያስፈልገኝ ወዲያው ተሰማኝ። በዚያ ዕድሜዬ የብዙ ነገር መጨረሻ አያስፈልገኝም ነበር።

መጽሔቱ ላይ የነበረው ጨዋታ በጣም ብዙ ቀፎ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጅ ሆነን የምንጫወተውን ቀላል ጨዋታ መረጥኩ። ሃያ አንድ ጭራሮ መሬት ላይ ይደረደራል። ሁለት ተጫዋቾች በየተራ ያነሳሉ፤ በአንድ ተራ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጭራሮ ማንሳት ይፈቀዳል። የመጨረሻዋ ጭራሮ የደረሰችው ሰው ተሸነፈ።

ለማሽኑ ሃያ ባዶ ቀፎ ሰበሰብኩና ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ቁጥሩ መሬት ላይ የቀረውን ጭራሮ ብዛት ያመለክታል። በእያንዳንዱ ቀፎ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሽምብራ ጨመርኩ፤ አንድና ሁለት ቁጥር ባለባቸው ቀፎዎች ግን ከቀረው ጭራሮ በላይ የሚያዘውን አላስገባሁም። ፈተና በማርምበት ቀይ ቀለም የነከርኩት «አንድ አንሳ» ማለት ነው፤ በሰማያዊ ቀለም የነከርኩት «ሁለት አንሳ»፤ ያልተነከረው «ሦስት አንሳ»። ሁልጊዜ ሰው ይጀምራል። የማሽኑ ተራ ሲደርስ የቀረውን ጭራሮ ቆጥሬ ያ ቁጥር ያለበትን ቀፎ እነቀንቃለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ሽምብራ አወጣለሁ፣ ሽምብራው ያዘዘውን አነሳለሁ። ማሽኑ ከተሸነፈ በዚያ ጨዋታ ያወጣቸው ሽምብራዎች ይነጠቃሉ። ካሸነፈ ሽምብራዎቹ ወደየቀፏቸው ይመለሱና በእያንዳንዳቸው ላይ ያንኑ ቀለም አንድ ይጨመርላቸዋል። ያሸነፈበት ሐሳብ እየበዛ፣ የተሸነፈበት ሐሳብ እያለቀ ይሄዳል ማለት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ቀፎውን ስሰበስብ ጎረቤት ሁሉ ሲጋራ ጀመረ ብሎ አማኝ። ጣቶቼም ለሳምንታት ቀይና ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። ይህን ሁሉ የሳይንስ መከራ አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው፣ ሃምሳን ያለፉ ሴት ነበሩ። ማሽኑን በእንጨት ሣጥን ደርድሬ እሳቸው ሳሎን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ የእኔ ክፍል ያፈስ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እጫወተዋለሁ። አንድ ሳምንት ሄደ፣ ሁለተኛው ሄደ፣ ሦስተኛው ሄደ። ማሽኑ ምንም አልተማረም። ሰኞ የተሸነፈበትን ስህተት ሐሙስ ይደግመዋል። እኔም ምክንያቱን ፍለጋ ማስታወሻ ደብተር አወጣሁ። የደጋ ብርድ በትምህርት ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ አራት ገጽ የጻፍኩት ያኔ ነው። ደብተሩን ከዓመታት በኋላ ማንም ሳያየው አቃጥዬዋለሁ።

አንድ ቀን ክፍለ ጊዜ ቀርቶብኝ ቀደም ብዬ ስመለስ አከራዬን ሣጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። የነጠቅኳቸውን ሽምብራዎች የማጠራቅምበት ጣሳ ጭናቸው ላይ ነበር። ቀፎዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ሽምብራ ይጨምራሉ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«ምን አደርጋለሁ? የወሰድክባትን እየመለስኩላት ነዋ።»

«ለምን?»

«ታሳዝናለቻ! በተሸነፈች ቁጥር እየነጠቅክ ባዶዋን ልታስቀራት ነው። ልጅ እንኳ ሲያጠፋ ምሳውን አይከለከልም።»

«እትዬ፣ ካልተቀጣች እኮ አትማርም።»

«እሱንማ ተማሪዎችህም ነግረውኛል» አሉኝ።

ክፍል ውስጥ ስለማሳርፍባቸው ኩርኩም መሆኑ ገባኝ። ከብዙ ልመና በኋላ አልነካም ብለው ቃል ገቡልኝ። አራቱን ገጽ ግን ወዲያው አልቀደድኩትም። የአከራዬ ርኅራኄና የደጋው ብርድ ተባብረው ሊሆን ይችላል ብዬ ትንሽ አቆየሁት።

ከዚያ በኋላ የማሽኑ ዋና ተጋጣሚ የሆኑት ከአልዩ አምባ በርበሬና ጥጥ ይዘው አቀበቱን የሚወጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። በየገበያው ቀን አህዮቻቸውን የሚያሳርፉት በአከራዬ ግቢ ነበር። አህያ እስኪራገፍ፣ ዕቃ እስኪቋጠር ድረስ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ነገሩን በጥርጣሬ አዩት።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ሽምብራ ብቻ ነው አባቴ።»

«ጥንቆላ አለመሆኑን እርግጠኛ ነህ?»

«ሳይንስ ነው።»

«እሺ፤ ቢስሚላህ» ብለው ሦስት ጭራሮ አነሱ።

የመጀመሪያውን ቀን ማሽኑን እንደፈለጉ አደረጉት። በሚቀጥለው ገበያ ትንሽ አስቸገራቸው። በሳምንቱ መካከል ደግሞ እኔ እጫወተዋለሁ፤ መምህራን ባልደረቦቼም እየመጡ ይጫወቱታል። የገና በዓል ሲደርስ በየቀፎው ውስጥ አንድ ቀለም እየገነነ ሌላው እየጠፋ መጣ። ከዚያ አንድ ቀን አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በገዛ ሽምብራው ተሸንፎ የጨፈረ የሒሳብ መምህር ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በዚያው ሳምንት ነጋዴው መጥተው ሁለት ጊዜ ተሸነፉ። ሦስተኛውን ሳይጀምሩ ጭራሮዎቹን በጣታቸው እየገፉ ብዙ አሰቡ።

«መምህር፣ አራትን ያስተማርከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«የምን አራት?»

«እኔ አንድ ሳነሳ እሱ ሦስት ያነሳል። ሁለት ሳነሳ ሁለት። ሦስት ሳነሳ አንድ። ወላሂ፣ የእኔና የእሱ ሁልጊዜ አራት ነው የሚሞላው። አምስት ጊዜ አራት ሃያ። አንዷ ለእኔ ትቀራለች፤ አለቀ።»

እውነታቸውን ነበር። ያ ሁሉ ወራት፣ ያ ሁሉ ደብተር፣ ያ ዲፕሎማ ባለበት፣ አራትን እኔ አላየኋትም። ቀፎዎቹ ሳያውቁት ደርሰውባታል። ቀጥሎ የደረሱባት ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁት የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። እኔ ሦስተኛ መሆኔ ነው።

«አዎ፤ እሱን አውቄ ነው የሠራሁት» አልኳቸው።

«ማሻአላህ» አሉ፣ ጭራሮዎቹን እየሰበሰቡ። አላመኑኝም።

ወሬው ርእሰ መምህሩ ጋ ደረሰ። ቀጭን፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። መጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡና ሦስት ጊዜ ተሸነፉ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ተነስተው ኮታቸውን አራገፉና ደብረ ብርሃን ላይ የአውራጃው ትምህርት ቤቶች የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ሊካሄድ መሆኑን ነገሩኝ። አንደኛ ለሚወጣው ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይሸለማል። እኛ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ በሥዕል ነበር የሚማሩት፤ ሥዕሉንም የሣልኩት እኔ ነኝ፤ የልብስ ስፌት ማሽን ይመስላል።

«የአውራጃው ሹም ራሳቸው ይመጣሉ» አሉኝ። «ነግሬአቸዋለሁ።»

«ምን ብለው ነገሯቸው?»

«የተጫወተውን ሁሉ የሚያሸንፍ ሣጥን አለን ብዬ።»

እሺ ብዬ ሸኘኋቸው። ደረቴን ነፍቼ ትንሽ ቆምኩ። ቤት ገብቼ ስቀመጥ ነው ፍርሃት የጀመረኝ።

በዚያ ዘመን ያልነበረ ሰው ይህን ፍርሃት ላይረዳልኝ ይችላል። ማንም ምንም አላለኝም። ግን ስብሰባ ላይ ያለቦታው በመሳቁ ወደ ቆላ ተዛወረ ስለሚባል አንድ መምህር ሁላችንም ሰምተናል። እውነት ይሁን ሐሰት አጣርቶ የሚያውቅ የለም፤ የሚያጣራም የለም። እኔም ማሰብ ጀመርኩ። ሹሙ፣ በሕዝብ ፊት፣ በእንግዶች ፊት፣ በሽምብራ ተሸነፉ እንበል። «ይህ ምን ለማለት ተፈልጎ ነው?» ብለው ቢጠይቁኝስ? ከዚያ ደግሞ ቀለሙ ትዝ አለኝ። ቀዩ ሽምብራ «አንድ» ብቻ ነው የሚለው፤ ምንም ያልተቀባው «ሦስት» ይላል። ቀይን፣ የአብዮቱን ቀለም፣ ከሁሉ ዝቅ ያደረገው ማነው? እኔ። ለምን? ቀዩ ቀለም በእጄ ቀድሞ ስለገባ። ይህን ማን ያምነኛል? ቀለሙን ለመለዋወጥ አስቤ ነበር፤ ቀለሜ አልቋል።

ብልህ ሰው ይህን ጊዜ ርእሰ መምህሩን ያማክራል። ደፋር ሰው ዝም ብሎ ማሽኑን እንዳለ ይዞ ይሄዳል። እኔ ሦስተኛውን መንገድ መረጥኩ፦ ማሽኑን መሸነፍ አስተማርኩት።

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሕጉን ገለበጥኩት። ሲያሸንፍ ነጠቅኩት፤ ሲሸነፍ ሸለምኩት። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ በእጥፍ ነጠቅኩ፣ በእጥፍ ሸለምኩ። አከራዬ እህል እየለቀሙ ከሩቅ ያዩኛል።

«ምነው፣ አሸንፋም ትወስድባታለህ?» አሉኝ።

«ትሕትና እያስተማርኳት ነው እትዬ።»

«አንተ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ማሽኑ ቶሎ ገባው። ማሸነፍ ለመማር ወራት የፈጀበት ፍጡር መሸነፍን በሁለት ከሰዓት ጨረሰ። እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሁለት ጭራሮ ብቻ ቀርቶ አንዷን አንስቶ ማሸነፍ ሲችል ሁለቱንም ጠራርጎ የሚያነሳ ሆነ። ባለ ሁለት ቁጥሩን ቀፎ ከፍቼ ሳየው ውስጡ ሰማያዊ ሽምብራ ብቻ ነበር። ቀዩ አንድ እንኳ አልቀረም። ያን ጊዜ ይህን አይቼ እፎይ አልኩ።

ደብረ ብርሃን የሄድነው ከርእሰ መምህሩ ጋር በእህል ጫኝ መኪና ነው። ሣጥኑን ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ዶሮአቸውን ሣጥኑ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ «ይህ እኮ የሚያስብ ዕቃ ነው!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ሴትየዋ ዶሮዋን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉና ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም።

ኤግዚቢሽኑ በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ግድግዳው በመፈክር፣ ጠረጴዛው በወረቀት አበባ ተሸፍኗል። ከእነዋሪ የመጡት የስንዴ በሽታ በሥዕል አቅርበዋል። ከለሚ የመጡት ውሃ መሳቢያ ሠርተዋል፤ ውሃው ግን አዳራሹን እንዳያበላሽ ተብሎ ተከልክሏል። ከእኔ ጠረጴዛ ቀጥሎ ከሰላ ድንጋይ የመጣ ጸጥተኛ መምህር ከጭቃና ከሸምበቆ የሠራውን የተሻሻለ የንብ ቀፎ ይዞ ቆሟል። ከበሩ አጠገብ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ደግሞ ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ አየሁ። በርበሬአቸውን ሊሸጡ ደብረ ብርሃን የወጡት ነጋዴዬ ናቸው። ወዳጃቸው ማሽኑ ሲያሸንፍ ለማየት ነው የመጡት። አንገቴን ደፋሁ።

ሹሙ ሰፋ ያሉ፣ ካኪ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ነበሩ። ሦስት እንግዶች ከኋላቸው ይከተላሉ። ሌላውን ጠረጴዛ ሁሉ በፍጥነት አልፈው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ይህ ነው?» አሉ።

«ይህ ነው ጓድ» አሉ ርእሰ መምህሩ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ብሎ ሰማሁት።

ሹሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሕጉን በአንድ ጊዜ ያዙት። የመጀመሪያዋን ጭራሮ አነሱ፤ እኔ ቀፎ ነቅንቄ ሽምብራ አወጣሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሦስት ጭራሮ ቀርቶ ተራው የእሳቸው ሆነ። አንድ አነሱ። ሁለት ቀረ። ማሽኑ አንዷን ቢያነሳ የመጨረሻዋ ለእሳቸው ትደርሳለች። ቀፎውን ነቀነቅኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አወጣሁ። ሰማያዊ። ሁለቱንም አነሳሁ።

«ሁለቱንም አነሳ?» አሉ ሹሙ።

«አዎ ጓድ። እርስዎ አሸነፉ።»

ያጨበጭባሉ ብዬ ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ።

«እኔ እኮ ለመሸነፍ ነው የመጣሁት» አሉ ዝግ ብለው። ወደ እንግዶቹ ዞረው ጠቆሟቸው። «መንገዱን ሙሉ ለእነዚህ ሰዎች፣ የገጠር መምህር ከክብሪት ቀፎ የሠራው ማሽን ያሸንፈኛል እያልኩ ነው ያመጣኋቸው።»

በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያ ያስደነገጠኝ ቃል የለም። የፈራሁት ሰው ሌላ ሰው ነበር፤ ፊቴ የተቀመጠው ሰው ለመሸነፍ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ሰው ነው።

«እንደገና» አሉ ሹሙ።

ሁለተኛውን ጨዋታ ልረሳው አልችልም። ሹሙ በግልጽ ለመሸነፍ መጫወት ጀመሩ። የመጨረሻዋን ጭራሮ ራሳቸው ለማንሳት ይሽቀዳደማሉ። ማሽኑ ግን የሠለጠነው ለዚሁ ነው። እሳቸው ይበልጥ ለመሸነፍ ሲጥሩ እሱ ይበልጥ ይሸነፋል። አራት ቀርቶ ተራው የእሳቸው ደረሰ። አሰቡ። ግንባራቸውን አሹ። ሦስት ብቻ እንጂ አራት ማንሳት አይፈቀድማ! አንድ አነሱ። የቀሩት ሦስት ናቸው። ቀፎ ነቀነቅኩ፤ ያልተቀባ ሽምብራ ወጣ፤ ሦስቱንም አነሳሁ።

መሸነፍም አቃታቸው።

ከበሩ በኩል አንድ ሳቅ ተሰማ። የነጋዴው ሳቅ ነበር፤ ዕቃ ሲወድቅ እንደሚሰማ ድንገተኛ ሳቅ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ሹሙ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ሣጥኑ አዩ፣ ከዚያ እሳቸውም ትንሽ ፈገግ አሉ።

«ጓድ መምህር፣ ማሽንህ ታሟል መሰለኝ። ግድ የለም፤ በርታ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ተነሱ። ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አለፉ። እዚያ ማር ቀመሱ። ቀፎ ተብሎ ከቀፎ ይለያል!

ማይክሮስኮፑ ሰላ ድንጋይ ሄደ። ይገባው ነበር።

አዳራሹ ሲበተን ነጋዴው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ባለ ሁለት ቁጥሩን ቀፎ አንስተው ከፈቱት። ሰማያዊዎቹን ሽምብራዎች በመዳፋቸው ላይ ዘረገፉና አዩአቸው።

«ሁለት ቀርቶት ሁለቱንም የሚያነሳ፣ ወይ ሞኝ ነው ወይ የፈራ ነው» አሉኝ። «ይህን ሣጥን አውቀዋለሁ፤ ሞኝ አይደለም።»

«እኔ ነኝ የፈራሁት» አልኳቸው።

«እሱንም አውቃለሁ» ብለው ሽምብራዎቹን ወደ ቀፎው መለሱ።

ወደ አንኮበር ስንመለስ ርእሰ መምህሩ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩና ከእኔ መካከል ተቀመጡ። ብዙ መንገድ ከሾፌሩ ጋር ስለ እህል ዋጋ እያወሩ ሄዱ። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። ጉሙ መንገዱን መሸፈን ሲጀምር ሾፌሩ መኪናውን አዘገመ፤ እኔም ሁሉንም ነገርኳቸው። የቀለሙን ነገር ሳይቀር።

«ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

«ፈራሁ።»

«እኔንም?»

«እርስዎንም» አልኳቸው።

ወደ ፊተኛው መስታወት ዞሩ። እንደ ሹሙ ያሉ ሰዎች ቢሯቸው በመጡ ቁጥር፣ እኒህ ሰው መምህራኑን ከፊት ሆነው ሲከላከሉ እንደኖሩ የሰማሁት እሳቸው ከተዛወሩ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ግን የማውቀው አለቃዬ መሆናቸውን ብቻ ነበር። ከአንኮበር አጠገብ ያለችው ጎሬቤላ ስንደርስ ሣጥኑን አብረውኝ አወረዱ። «ሰኞ ይዘኸው ና። መምህራኑ ፊት እንዴት እንደሚሠራ ታስረዳለህ፤ የተሳሳትከውንም ጨምረህ» አሉኝ።

አስረዳሁ። ጓደኞቼ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። መጀመሪያ ጆሮዬ ጋለ፤ ሹሙ አራት ጭራሮ ላይ አፍጥጠው የቀሩበት ቦታ ስደርስ ግን እኔም መናገር አቅቶኝ ከእነሱ ጋር ሳቅኩ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የመምህራን ክፍል ገብቼ ስቀመጥ ሰው ወሬውን ማቋረጥ ተወ። ለካ ድሮ ያቋርጥ ነበር።

ማሽኑን መልሶ ማስተካከል እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። ሕጉን ወደ ቀድሞው መለስኩትና መጫወት ጀመርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ምክንያቱ ኋላ ገባኝ። በብዙዎቹ ቀፎዎች ውስጥ ትክክለኛው ሽምብራ ጨርሶ አልቋል። በቀፎው የሌለ ሽምብራ ደግሞ የቱንም ያህል ብነቀንቀው አይወጣም። አዲስ ቀለም ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ጠብቄ፣ አዲስ ሽምብራ ነክሬ፣ ሁሉንም ከባዶ ሞላሁ። ሦስቱም ቀለም በእኩል ቁጥር። ያን ሁሉ ወራት የለፋንበት ዕውቀት የለም፤ ሕፃን ሆኖ ተመልሷል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነጋዴው አህዮቻቸውን አሳርፈው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አከራዬም ሥራቸውን ትተው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሃያ አንዱን ጭራሮ ደረደርኩ። ማሽኑ እንደ ጥንቱ በጭፍኑ አነሳ፣ ተሸነፈ። ሽምብራዎቹን ልነጥቅ እጄን ስዘረጋ ነጋዴው ቀደሙኝ፤ ራሳቸው አንድ በአንድ ለቅመው ጣሳው ውስጥ ጨመሩ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ አደረጉ። እኔ ቀፎ ከመነቅነቅ በቀር ሌላ ሥልጣን አልቀረኝም። አራተኛውን ጨዋታ እንዴት እንደሆነ ሳናውቅ ማሽኑ አሸነፈ፤ አከራዬ እልል አሉ፤ ሽልማቱንም እሳቸው ጨመሩለት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጋዴው ለመሄድ ተነሱ። አህዮቻቸውን ከግቢው አስወጥተው ወደ ቁልቁለቱ ሲያቀኑ ከአጥሩ ውጭ ቆም ብለው ጠሩኝ።

«መምህር!»

«አቤት አባቴ።»

«በሚቀጥለው ገበያ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ ድረስ አደራህን፣ ምንም እንዳታስተምረው።»